የናሱ መነጽር ምስክርነት፦ ስለ እጅ ቴሌስኮፕ ታሪክና የጥንቱን መልክ ስለያዙት ቅጂዎቹ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ «መነጽር» የሚለው ስም «ነጸረ»፣ ማለት ተመለከተ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ቃሉ ደካማ ዓይንን የሚረዳውንም፣ ሩቁን ወደ ቅርብ የሚያመጣውንም መሣሪያ በአንድነት ይጠራል። የአውሮፓ ቋንቋዎች ግን ለያንዳንዱ የተለየ ስም ስላላቸው፣ የእኛን አጠራር የቃል እጥረት ነው የሚል ሊኖር ይችላል። የመሣሪያውን ታሪክ ለመረመረ ሰው አጠራሩ የሚያሳፍር ሆኖ አይገኝም፤ ሩቅ የሚያሳየው መነጽር የተወለደው ከዓይን መነጽር ሠሪው ሱቅ ነውና። አንዱ ቃል የሁለቱን ዝምድና ጠብቆ አቆይቶታል።

ቃል እንዲህ ያለውን ዝምድና ሲጠብቅ፣ ዕቃው ራሱ ግን የሐሰት ዝምድና ሊያበጅ ይችላል። ይህ ሂስ የሚመለከተው ዛሬ በብዙ አገር ገበያ የሚሸጠውን፣ የጥንት መልክ ያለውን የናስ የእጅ ቴሌስኮፕ ነው። የምጠይቀውም ይህ ነው፦ ዕቃው ስለየትኛው ዘመን ይመሰክራል? ምስክርነቱስ ምን ያህል ይታመናል? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የዕቃው ሁኔታና የራሴ ስሕተት

በውጭ አገር ትምህርቴን በምፈጽምበት ዓመት፣ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሻጭ እንዲህ ያለ መነጽር ገዛሁ። ሲታጠፍ ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይበልጥም፤ ሦስቱ ቱቦዎች ሲሳቡ ግን ወደ አንድ ክንድ ይጠጋል። ሰፊው ቱቦ ቡናማ ቆዳ ለብሷል፤ ናሱ ጠቁሯል፤ ማስቀመጫውም የእንጨት ሣጥን ነው። በቀጭኑ ቱቦ ላይ በላቲን ፊደል የአንድ ሠሪ ስምና «ለንደን» የሚል ቃል ተቀርጾበታል። ሻጩ ከ18ኛው ምዕት ዓመት የተረፈ የመርከበኛ መነጽር ነው አለኝ፤ እኔም አመንሁት። አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ለአያሌ ዓመታት ለተማሪዎቼ ይህንኑ እየደገምሁ አሳየሁ።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ መነጽሩን በእጅዋ አገላብጣ ካየች በኋላ ሁለት ጥያቄ አቀረበች። አንደኛው፣ የሠሪው ስም በመጻሕፍት «ዶሎንድ» ተብሎ ሲጻፍ፣ በዚህ ላይ በ«ኦ» ፈንታ «ኤ» ተቀርጾ «ዶላንድ» የሚል የሆነው ስለምን ነው? የሚል ነበር። ሁለተኛው፣ መርከበኛ ብዙ ዓመት ይዞት ከሆነ፣ እጁ ዘወትር የሚያርፍበት ቦታ ከሌላው ያልተለየው ስለምን ነው? የሚል ነበር። ለሁለቱም መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ በዘገየው መልስ ፈንታ የቀረበ ነው።

፪. የመሣሪያው አመጣጥ

ስለ እጅ ቴሌስኮፕ የተረጋገጠው የጽሑፍ ታሪክ የሚጀምረው ከሆላንድ ነው። በዜላንድ አውራጃ በሚድልበርግ ከተማ የሚኖረው መነጽር ሠሪ ሃንስ ሊፐርሄይ፣ ሩቁን የሚያቀርብ መሣሪያ አውጥቻለሁና የፈጠራ መብት ይሰጠኝ ብሎ ለሆላንድ መማክርት ጉባኤ ማመልከቻ አቀረበ። ጉዳዩም ኦክቶበር 2 ቀን 1608 ታየ። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ያዕቆብ ሜቲዩስ የተባለ የአልክማር ሰው እኔም ሠርቻለሁ ብሎ መጣ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ የዚያው የሚድልበርግ ሰው የዛካሪያስ ያንሰን ቤተ ሰዎች የመጀመሪያው ሠሪ የእኛ አባት ነው አሉ። ጉባኤው ለሊፐርሄይ ሥራ ገንዘብ ከፈለው፤ የፈጠራ መብቱን ግን ከለከለው። ምክንያቱም ጥበቡን ብዙ ሰዎች ያውቁታል የሚል ነበር።

ወሬው እንዴት እንደ ተሰራጨ ለባህል ተመራማሪ ልዩ ትምህርት አለው። በዚያው ወራት የሲያም ንጉሥ መልክተኞች ወደ ልዑል ሞሪስ መጥተው ነበርና፣ ስለ አቀባበላቸው የታተመው ትንሽ የዜና ጽሑፍ በመጨረሻው ላይ ስለ አዲሱ መሣሪያ ተረከ። ከሄግ ሆነው የዴልፍትን የሰዓት ግንብና የላይደንን ቤተ ክርስቲያን መስኮቶች ማየት መቻሉን ገለጸ። የእስያ መልክተኞችን ለማውሳት የተዘጋጀ ጽሑፍ የመነጽሩን ዜና ወደ ሌሎች አገሮች ይዞ ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው በሰፊው የታወቀ ስለሆነ አሳጥረዋለሁ። ጋሊሌዮ በ1609 ወሬውን ሰምቶ የራሱን ሠራ፤ በኦገስትም ስምንት ጊዜ ያህል የሚያቀርበውን ለቬኒስ መማክርት ከቅዱስ ማርቆስ የደወል ግንብ ላይ አሳየ። እነርሱም ከሰማይ ክዋክብት ይልቅ ገና ከባሕሩ ዳር የሚመጡትን መርከቦች ማየት መቻላቸው ደስ አሰኛቸው። ሃያ ጊዜ ያህል በሚያቀርበው መነጽሩ ግን በጃንዋሪ 1610 በጁፒተር ዙሪያ የሚመላለሱትን ጨረቃዎች አገኘ። «ቴሌስኮፕ» የሚለው ስም የወጣው በ1611 በሮማ በተደረገ የሊቃውንት ግብዣ ላይ ሲሆን፣ ከግሪክኛ «ሩቅ» እና «ማየት» ከሚሉት ቃላት ያዋሐደው ጆቫኒ ዴሚዚያኒ የተባለ የግሪክ ሊቅ ነው ይባላል።

ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ነገር መሣሪያው ገና ሲወለድ የባለቤትነት ክርክር ያለበት መሆኑ ነው። ሁለት ሌንሶችን በቱቦ ውስጥ ማሰለፍ አንዱ ካሳየ በኋላ ሌላው በቀላሉ የሚከተለው ጥበብ ነው። ስለዚህ በእጅ ቴሌስኮፕ ላይ የተቀረጸ ስም ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል።

፫. የቱቦው ምስክርነት

በቅጂው ላይ ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው በናሱ ላይ ነው። የጥንትነት ምልክት ሆኖ የሚቆጠረውም እርሱ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ መነጽሮች የናስ አልነበሩም። በፍሎረንስ ቤተ መዘክር ከተጠበቁት ሁለት የጋሊሌዮ ቴሌስኮፖች ቱቦዎቻቸው ከእንጨት የተሠሩ ሲሆኑ፣ አንዱ ወረቀት፣ ሌላው በወርቅ ቅብ ያጌጠ ቆዳ ለብሷል። ከዚያም በኋላ በ17ኛው ምዕት ዓመት በጠቅላላውና በ18ኛውም አጋማሽ ድረስ ብዙው የእጅ መነጽር እየተደራረበ ከተለጠፈ ወፍራም ወረቀት ተሠርቶ ብራና ወይም ቆዳ የተሸፈነ ነበር። ይህን አሠራር መጽሐፍ የሚደጕስ ሰው ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሙያውም የቅርብ ዘመድ ነው። እርስ በርሱ የሚገባው ቀጭን የናስ ቱቦ ተስፋፍቶ የተለመደው በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ በገበያ ላይ የሚነገረውን እንመርምር። ቅጂው ብዙ ጊዜ «የባሕር ወንበዴዎች መነጽር» ተብሎ ይሸጣል። የአትላንቲክ የባሕር ወንበዴነት ዝነኛው ዘመን ያበቃው ግን በ1720ዎቹ ነው፤ ጥቁር ጺም የተባለው ስመ ጥር ወንበዴ የተገደለው በ1718 ነው። በእርሱ ዘመን የነበረ መርከበኛ መነጽር ቢይዝ፣ የሚይዘው ወረቀትና ብራና የሆነውን ረጅም ቱቦ ይሆን ነበር እንጂ በኪስ የሚገባውን ባለ ሦስት እጥፍ ናስ አይሆንም ነበር።

እንግዲህ ይህ ሥዕል ከየት መጣ? በእኔ አስተያየት ምንጩ መርከብ ሳይሆን መጽሐፍ ነው። ሮበርት ሉዊ ስቲቨንሰን በ1883 በመጽሐፍ ባሳተመው «የመዝገብ ደሴት» በተባለው ልብ ወለድ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚመጣው አሮጌ መርከበኛ በብብቱ የናስ ቴሌስኮፕ ይይዛል። ደራሲው በራሱ ዘመን የሚያውቀውን ዕቃ ለአለፈው ዘመን ሰው አስያዘው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሥዕሎችና ሲኒማዎች ልብ ወለዱን ተከተሉ፤ ገበያውም ሲኒማውን ተከተለ። ስለዚህ ቅጂው የሚቀዳው ጥንታዊ ዕቃን አይደለም፤ ስለ ጥንታዊ ዕቃ የተጻፈ ልብ ወለድን ነው። ደራሲው በዚህ አይወቀስም፤ ልብ ወለድ ጽፏልና። የሚወቀሰው ልብ ወለዱን እንደ ታሪክ ሰነድ ተቀብሎ የሚያስተምር ነው፤ ይኸውም እኔ ነበርሁ።

፬. የመስተዋቱ ምስክርነት

የመነጽር ዋና ነገሩ መስተዋቱ ነው፤ ቱቦው መያዣ ብቻ ነው። የሠሪዎቹ የሁለት መቶ ዓመት ትግልም በመስተዋቱ ላይ ነበር። የጋሊሌዮ መነጽር የፊቱ ሌንስ ጐባጣ፣ የዓይኑ ሌንስ ሥርጉድ ሲሆን፣ ምስሉን ቀጥ አድርጎ ቢያሳይም የሚታየው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነበር። ኬፕለር በ1611 ባሳተመው መጽሐፉ ሁለቱም ሌንሶች ጐባጣ የሚሆኑበትን አሠራር አስረዳ። ይህ ስፍራውን ሰፊ አደረገው፤ ምስሉን ግን ገለበጠው። ከዋክብትን ለሚመለከት ሰው መገልበጡ አያስጨንቅም፤ የመርከብን ባንዲራ ለሚለይ ሰው ግን ትልቅ እንቅፋት ነው። ሺርሌ ዴ ራይታ የተባለ የካፑሲን መነኩሴ በ1645 ባሳተመው መጽሐፍ ተጨማሪ ሌንሶች የተገለበጠውን ምስል መልሰው እንደሚያቀኑት አሳወቀ። በየብስና በባሕር የምንጠቀምበት ረጅሙ የእጅ መነጽር መሠረቱ ይህ ነው።

ሌላው ችግር ቀለም ነበር። ነጠላ ሌንስ ብርሃንን ሲሰብር ቀለማቱን እኩል ስለማይሰብር፣ የሚታየው ነገር በዳሩ ቀይና ሰማያዊ ጥለት ያወጣል። ኒውተን ይህ በሌንስ ሊድን አይችልም ብሎ ስላመነ፣ በ1668 በሌንስ ፈንታ መስታየት የሚሰበስብበትን ቴሌስኮፕ ሠራ። በኋላ ግን ቼስተር ሙር ሆል የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው በ1730 ግድም ሁለት ዓይነት መስተዋት፣ ማለት ተራውንና እርሳስ የተቀላቀለበትን፣ ቢያጣምር አንዱ የሌላውን ቀለም እንደሚያጠፋ ደረሰበት። ሆል ጥበቡን አላወጀም፤ መብትም አልጠየቀበትም። ከሐር ሸማኔነት ወደዚህ ሙያ የተሻገረው ጆን ዶሎንድ ግን በ1758 የፈጠራ መብት አገኘበት። ዶሎንድ በ1761 ሲሞት ልጁ ፒተር መብቱን በፍርድ ቤት አስከበረ። የለንደን መነጽር ሠሪዎች ከዶሎንድ በፊት ሆል ሠርቶታል ብለው ቢከራከሩም፣ በ1766 ፍርዱ ለዶሎንድ ሆነ። የፍርዱም ሐሳብ መብት የሚገባው ግኝቱን በሣጥን ቆልፎ ላስቀመጠ ሳይሆን ለሕዝብ ላወጣ ነው የሚል ነበር።

ይህን ታሪክ ማንኛውም ተማሪ በአንድ መብራት ሊፈትነው ይችላል። በመነጽሩ የፊት ሌንስ ትይዩ መብራት ቢያዝ፣ ከእያንዳንዱ የመስተዋት ገጽ የመብራቱ ትንሽ ምስል ይንጸባረቃል። ሌንሱ ነጠላ ከሆነ የሚታየው ሁለት ምስል ነው፤ ተጣማሪ ከሆነ ሦስት ወይም አራት ይሆናል። እኔም መነጽሬን በዚህ መንገድ ፈተንሁት፤ ሁለት ብቻ አገኘሁ። ማታ ወደ ጨረቃ ባዞረውም ዳርዋ ቀይና ሰማያዊ ጥለት አወጣ። ይህ መነጽር በቱቦው ላይ የዶሎንድን ስም ያነሣል፤ በሌንሱ ግን ዶሎንድን ዶሎንድ ያሰኘውን ጥበብ ይክዳል።

፭. የስሙና የእጁ ምስክርነት

ወደ ተማሪዋ የመጀመሪያ ጥያቄ ልመለስ። በአንድ ፊደል የተዛባው ስም ዕቃው ዛሬ የተሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ይሆናልን? ስመረምር ያገኘሁት ከጠበቅሁት የተለየ ሆነ። የዶሎንድ ስም ከመክበሩ የተነሣ፣ በ18ኛውና በ19ኛው ምዕት ዓመት ሌሎች ሠሪዎች ስሙን በዚሁ በተዛባ ፊደል ይቀርጹ ነበር፤ እንዲህ ያሉ አሮጌ መነጽሮች በየስብስቡ ይገኛሉ። ስለዚህ የተዛባው ፊደል ብቻውን ዘመኑን አይለይም። አስመስሎ መሥራት ራሱ ጥንታዊ ልማድ ነው፤ የዛሬው ቅጂ ሠሪም ሳያውቅ የድሮውን አስመሳይ ቀድቶ ሊሆን ይችላል።

ክርክሩን የቈረጠው ሁለተኛው ጥያቄዋ ነው። ሰው ዘወትር የያዘው ዕቃ የሰውን እጅ ይመስላል። ቆዳው በሚጨበጥበት በኩል ይወዛል፤ ቱቦው በሚሳብበት ቦታ ናሱ ይነጣል፤ ጣት የማይደርስበት ጥግ ግን ይጠቁራል። የመሶብ ክዳን ጉጥ፣ የበር ማጠፊያ፣ የመቋሚያ ራስ ሁሉ ይህን ያስተምሩናል። በእኔ መነጽር ላይ ግን ጥቁረቱ በሚነካውም በማይነካውም ስፍራ አንድ ዓይነት ነው። ጊዜ እንዲህ አድልዎ ሳያደርግ አያጠቁርም፤ በአንድ ቀን የተቀባ ኬሚካል ግን እንዲህ ያደርጋል። ዕቃው እርጅናን ተቀብቷል እንጂ አላረጀም።

፮. ስለ ቅጂው ሊባል የሚገባው

እስከዚህ የተባለው ቅጂውን ለማዋረድ ብቻ የቀረበ መስሎ እንዳይታይ፣ ተቃራኒውንም ማመዛዘን ይገባል። መቅዳት በራሱ ነውር አይደለም። ብራና ጸሐፊ ይገለብጣል፤ ሠዓሊ የቀድሞውን ሥዕል ተከትሎ ይሥላል፤ ማንም አስመሳይ አይለውም። ልዩነቱ ገልባጩ በመጨረሻው ገጽ ስሙን አስገብቶ በጸሎት አስቡኝ ማለቱ ነው። በናሱ መነጽር ላይ የሌለው ይህ ነው፤ የማይገባው ስም አለበት፤ የሚገባው ስም ግን ጠፍቷል።

የሚገባውስ ስም የማን ነው? ከእነዚህ ቅጂዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በሰሜን ህንድ ነው፤ የናስ ከተማ በምትባለው በሞራዳባድና በሩርኪ ዙሪያ። ሩርኪ ለዚህ ሙያ እንግዳ አይደለችም። በ1847 በዚያ የተከፈተው የምሕንድስና ትምህርት ቤት፣ ከ2001 ጀምሮ የህንድ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ለታላቁ የጋንጅስ ቦይ ሥራ ሰዎችን ያሠለጥን ነበር። በከተማዋም የቅየሳና የሥዕል መሣሪያ መሥራት የቆየ ሙያ ነው። አሁን ያው እጅ ለመለኪያ ሳይሆን ለጌጥ የሚሆን መነጽር ያወጣል፤ በላዩም «ለንደን» ብሎ ይቀርጻል፤ ገዢ የሚፈልገው ይህን ነውና። የናስ ቱቦ ሳይጠብና ሳይላላ አንዱን በሌላው ውስጥ እንዲሄድ ማድረግ ቀላል ሙያ አይደለም። ሠሪው ግን ሥራውን በራሱ ስም ሊሸጥ አልቻለም። የእኔም ስሕተት ይህን ሰው ከታሪክ ማጥፋት ጭምር ነበር፤ የሠራውን ዕቃ እጄ ላይ ይዤ ሌላውን ሳመሰግን ኖሬአለሁና።

የእጅ ቴሌስኮፑ እውነተኛ ዘመን እንዴት እንዳለፈም ማስታወስ ይጠቅማል። ኢግናዚዮ ፖሮ በ1854 ምስሉን በፕሪዝም የሚያቀና ዘዴ የፈጠራ መብት አገኘበት፤ የጀርመኑ የዛይስ ድርጅት ከ1894 ጀምሮ ባለ ሁለት ዓይኑን የፕሪዝም መነጽር ለገበያ አወጣ። አጭር፣ ሰፊ የሚያሳይና ለሁለት ዓይን የሚመች ስለሆነ ረጅሙን ቱቦ ከአዛዦች እጅ ቀስ በቀስ አስወጣው። በመርከቦች ላይ የቀረው የዘብ መኰንን ቴሌስኮፕ፣ እያደር ከማያነት ይልቅ የማዕረግ ምልክት ሆነ። ዕቃ ከሥራ ወደ ምልክት፣ ከምልክትም ወደ ጌጥ ሲሸጋገር በቅጂው ውስጥ ይታያል። ይህን ሽግግር የሚያጠና ተማሪ ቅጂውን የሐሰት ዕቃ ብሎ መጣል አይገባውም፤ ስለ 18ኛው ምዕት ዓመት ሳይሆን ስለ እኛ ዘመን የሚመሰክር እውነተኛ ሰነድ ነውና።

፯. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የማቀርበው ሐሳብ ለትምህርት ስብስቦቻችን የሚሆን ነው። የውጭም ሆነ የአገር ውስጥ ዕቃ ወደ ስብስብ ሲገባ፣ ሻጩ የተናገረውና ዕቃው ራሱ የሚያሳየው በተለያየ መስመር ይጻፍ። የተቀረጸ ስም ስም ብቻ ሆኖ ይመዝገብ፤ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ ሠሪ አይባል። የእጅ ምልክት ያለበትና የሌለበት ቦታ ይገለጽ። ቅጂ መሆኑ የታወቀ ዕቃ የተሠራበት አገር ሳይጻፍለት አይቅር፤ የእነዚያ ሠሪዎች ድርሻ እንዲታወቅ ያደርጋልና።

መነጽሬን ዛሬም በክፍል አሳያለሁ። ካርዱን ግን ለውጬዋለሁ። በቀድሞው ላይ «የመርከበኛ ቴሌስኮፕ፣ ለንደን፣ 18ኛው ምዕት ዓመት» የሚል ነበር። አሁን «የናስ የእጅ ቴሌስኮፕ ቅጂ፣ ህንድ ሳይሆን አይቀርም፣ የዘመናችን ሥራ፤ የፊቱ ሌንስ ነጠላ፤ ስሙ የተዋሰው» ይላል። በካርዱም ግርጌ ስሕተቱ በተማሪ ጥያቄ መታረሙ ተጽፏል። ተማሪዎቼ ዕቃውን ሲቀበሉ አሁን ወደ መስኮቱ ከማንሣታቸው አስቀድሞ መብራት ይጠይቃሉ።